ደጋኑ ላይ የተጻፈው ዓመት

አሜሪካ ውስጥ የአያቱን ቤት የወረሰ ሰው ምድር ቤቱን ሲያጸዳ አሮጌ የአደን ደጋን ማግኘቱ የተለመደ ነው። ሁለቱ ክንዶቹ ጫፋቸው ላይ ወደ ፊት የተቀለበሱ፣ ሪከርቭ የሚባለው ዓይነት ነው። ብዙ ጊዜ «ቤር» የሚል ስም ተጽፎበታል፤ በትንንሽ ፊደል ደግሞ «ካናዳ 1953» ይላል። ሻጩም ገዢውም ይህንን አይተው ደጋኑ የ1953 ነው ብለው ይስማማሉ። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርሳውያን አቆጣጠር ናቸው።) ቁጥሩ ግን ካናዳ ውስጥ ለአሠራሩ የፈጠራ መብት የተገኘበትን ዓመት እንጂ ደጋኑ የተሠራበትን አያመለክትም። ፋብሪካው ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት በምርቶቹ ላይ ሲያትመው ኖሯል። በ1953 ስም የተሸጠ ደጋን የ1968 ሥራ ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

እውነተኛውን ዕድሜ የሚናገረው የደጋኑ ገላ ነው፤ እንጨቱ፣ ሙጫው፣ እጀታው ላይ የተቀበረው ብረት። ይህን ማንበብ ለሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የፋብሪካውን ታሪክ ማወቅ ግድ ይለዋል።

ፍሬድ ቤር በ1902 ፔንሲልቬንያ ውስጥ ተወለደ። በወጣትነቱ ወደ ዲትሮይት ሄዶ በመኪና ፋብሪካ ተቀጠረ። በ1920ዎቹ መጨረሻ አርት ያንግ የተባለ አዳኝ አላስካ ውስጥ በደጋን ሲያድን የሚያሳይ ፊልም ተመለከተና ልቡ በዚያው ቀረ። ኋላም ከያንግ ጋር ተዋውቆ የደጋንና የፍላጻ አሠራር ከእሱ ተማረ። በ1933 ዲትሮይት ውስጥ አነስተኛ ሥራ ጀመረ፤ በ1947 ደግሞ በሰሜን ሚሺጋን ወዳለችው ግሬይሊንግ ከተማ ጠቅልሎ ገባ። በእነዚያ የመጀመሪያ ዓመታት ደጋኖቹን በእጁ ይሠራ የነበረው ኔልስ ግረምሊ የተባለ ባለሙያ ነው። ግረምሊ በ1940ዎቹ መጨረሻ ድርጅቱን ለቅቆ ሄደ። ስለዚህ ስሙ ያረፈበት ደጋን ከተገኘ ዕድሜው ከሞላ ጎደል ታወቀ ማለት ነው። ሰብሳቢዎችም እንዲህ ያለውን እንደ ብርቅ ይሻሙበታል።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ጥሩ ደጋን ማለት ጥሩ እንጨት ማለት ነበር። እንጨት ግን በብርድ ይሰነጠቃል፣ በእርጥበት ይለዝባል፣ ተወጥሮ ከቆየም ጎብጦ ይቀራል። ቤር መፍትሔ ፍለጋ በ1950 ገደማ በክንዶቹ ውስጥ ስስ የአሉሚኒየም ንጣፍ አስገብቶ ነበር። የዘመኑ ሙጫ ግን ብረቱን ከእንጨቱ ጋር አጥብቆ መያዝ አልቻለም፤ ብዙዎቹ ተላቀቁ። ዛሬ ሳይላቀቅ የተረፈ ባለ አሉሚኒየም ደጋን ሲገኝ ግድግዳ ላይ መስቀል እንጂ መሳብ አይመከርም። መንገዱን የከፈተው ፋይበርግላስ ነው። ክሮቹ በክንዱ ርዝመት በአንድ አቅጣጫ የተደረደሩበት ፋይበርግላስ ከመሐል ባለው የሜፕል እንጨት ጀርባና ፊት ሲለጠፍ፣ የተቀለበሰው ጫፍ ሳይሰበር እየታጠፈ እየተዘረጋ ፍላጻውን ያስፈነጥራል። በ1953 የተገኘው መብትም ከዚሁ ሥራ ጋር የተያያዘ ነው።

አሁን እጀታውን እንመልከት። መያዣው ላይ ከፋብሪካው ጀምሮ የቆዳ ጥቅልል ካለው፣ በአብዛኛው የ1950ዎቹ ሥራ ነው። ከ1959 ጀምሮ ፋብሪካው በእጀታው ጎን የድብ ምስል ያለበት ክብ ሳንቲም መቅበር ጀመረ፤ ቤር በእንግሊዝኛ ድብ ማለት ነውና። ዕድሜ ለሚመረምር ሰው ከዚህች ሳንቲም የተሻለ ምስክር አላውቅም። የመጀመሪያዎቹ መዳብ ነበሩ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ አሉሚኒየምና ፒውተር ተከተሉ፤ ከዚያ እስከ 1970 ገደማ ናስ፣ ቀጥሎም ኒኬል ሲልቨር መጣ። አውራ ጣትን በሳንቲሟ ላይ ማሸት ራሱ መልስ ይሰጣል። የቀድሞዎቹ ከእንጨቱ እኩል ተስተካክለው ስለተቀበሩ ጣት አያደናቅፉም፤ ከ1970ዎቹ መጀመሪያ በኋላ የመጡት ግን ከእንጨቱ ከፍ ብለው ይዳሰሳሉ። ናስና መዳብ ሲያረጁ ቀለማቸው ይቀራረባልና በቀን ብርሃን ማየት ይሻላል።

ከ1965 እስከ 1969 ለተሠሩት የመለያ ቁጥሩም ይረዳል። የመጀመሪያው አሃዝ ዓመቱን ይናገራል፤ በ7 የሚጀምር ከሆነ የ1967 ነው። የከተማው ስምም ሌላ ምልክት ነው። ፋብሪካው በ1978 ከሚሺጋን ወደ ጌይንስቪል፣ ፍሎሪዳ ስለተዛወረ «ግሬይሊንግ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ከዚያ በፊት፣ «ጌይንስቪል» የሚለው ከዚያ ወዲህ የተሠራ ነው። አንዱ ምልክት ብቻውን ሊያሳስት ይችላል፤ ሳንቲሙ፣ ቁጥሩና የከተማው ስም ሲገጣጠሙ ግን ክርክር የለም።

እነዚህ ደጋኖች ወደ ምድር ቤት የወረዱበትም ምክንያት ይታወቃል። የሚዙሪው ሆሊስ ዊልበር አለን በመዘውር የሚሠራ ደጋን ፈልስፎ በ1969 የፈጠራ መብት አገኘ። ኮምፓውንድ የሚባለው ይህ መሣሪያ ሙሉ በሙሉ ሲሳብ በሳቢው እጅ ላይ የሚያርፈውን ጫና ስለሚያቀልል አብዛኛው አዳኝ ወደ እሱ ዞረ። ጤነኛ የሆኑ ሪከርቮች ገና በደህና ዕድሜያቸው ተሰቀሉ። ዛሬ በብዛት መገኘታቸው ከዚህ የመጣ ነው።

ወደ ዋጋው ስንመጣ ዕድሜ ብቻውን ብዙ አያስከፍልም። ብዙ የተመረተ ተራ ሞዴል ቢያረጅም ርካሽ ነው። ኮዲያክ የተባለው የቤር ሞዴል የ1959 ሥራ ግን በገዢዎች ዘንድ ለብቻው የሚታይ ነው። ሲሳብ ከ40 እስከ 50 ፓውንድ የሚመዝነውን የሚፈልገው ሰው ብዙ ነው፤ ከ60 በላይ የሆነውን የሚችለው ጥቂት ነው።

ከሁሉ በላይ ግን ጤንነቱ ይቅደም እላለሁ። አውታሩን አስረው ደጋኑን ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው አነጣጥረው ይዩት። አውታሩ በሁለቱም የተቀለበሱ ጫፎች መሐል ለመሐል ካላለፈ ክንዱ ተጠማዟል። አውታር ለማሰር ደጋኑን በእግር መሐል አሳልፎ የማጉበጥ ልማድ ብዙ ደጋን ያበላሸው በዚህ ነው። ፋይበርግላሱ ላይ በርዝመቱ የሚሄዱ ቀጫጭን መስመሮች ብዙ ጊዜ አያሰጉም፤ አግድም የተሰነጠቀ ግን አደጋ ነው። ጥፍርዎን በክንዱ ጠርዝ ላይ ይጎትቱ፤ የሚይዝ ነገር ካገኙ ንጣፎቹ መላቀቅ ጀምረዋል። በበጋ ሙቀት ጣሪያ ሥር ወይም መኪና ውስጥ የከረመ ደጋን ሙጫው ስለሚዳከም ይህ ሳይመረመር መሳብ የለበትም።

ጤነኛ ሆኖ ከተገኘም በዳክሮን አውታር ብቻ ይወጠር። የዛሬዎቹ የማይለጠጡ አውታሮች ለዚያ ዘመን ክንድ ጫፍ ከባድ ናቸው፤ ፍላጻው በተለቀቀ ቁጥር ምቱ በቀጥታ ጫፉ ላይ ስለሚያርፍ ሊሰብሩት ይችላሉ። ላሳምረው ብሎ መፋቅና አዲስ ቫርኒሽ መቀባትም የከፋ ጉዳት ነው፤ በእጅ የተጻፈውን ቁጥርና የታተመውን ስም አብሮ ያጠፋቸዋልና። ለማነጣጠሪያ ተብሎ እጀታው ላይ የተበሳ ቀዳዳ ዋጋውን ይቀንሳል፤ የተፋቀ ጽሑፍ ግን ደጋኑን የትና መቼ እንደተሠራ የማይታወቅ እንጨት ያደርገዋል። ለስላሳ ጨርቅ በትንሽ ሰም ነክቶ ማሸት በቂ ነው፤ ከዚያ አውታሩን ፈትቶ፣ ግድግዳ ላይ በሁለት ማንጠልጠያ አግድም ማስቀመጥ ይገባል።