የመጨረሻይቱ ገለባ

በልጅነቴ በሚሲዮን ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ስማር፣ የግመሉን ወገብ የሰበረችው የመጨረሻይቱ ገለባ ናት የሚል አባባል አጋጠመኝ። ባለግመሉ በጭነት ላይ ጭነት እየጨመረ ግመሉ ዝም ብሎ ሲችል ከቆየ በኋላ፣ አንዲት ገለባ ብትታከልበት ወገቡ ተሰበረ ይባላል። ትርጓሜውም ሲጠራቀም የኖረ መከራ በትንሽ ነገር ይገለጣል ማለት ነው።

ግመል በሌለበት በእንግሊዝ አገር ይህ አባባል ከወዴት መጣ? ቀድሞ ግመሉ ፈረስ፣ ገለባዪቱም ላባ ነበረች፤ ጳጳሱ ጆን ብራምሆል እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1655 እንዲህ አድርገው ጽፈውታል። ቻርልስ ዲክንስ ግን በ1848 በልብ ወለድ መጽሐፉ ስለ ግመልና ስለ ገለባ ጻፈ። ዐረብኛ ተናጋሪዎችም ይህንኑ አባባል ያውቁታል። ከሁሉ ቀድሞ የሮማው ፈላስፋ ሴኔካ፣ የውኃ ሰዓትን ባዶ የሚያደርገው የመጨረሻው ጠብታ ሳይሆን አስቀድሞ የፈሰሰው ሁሉ ነው ሲል አስተምሯል።

የዚህን ነገር እውነት የተረዳሁት ግመልና ሰሊጥ በሚገኝበት በመተማ ቆላ ሳስተምር ነው። አፄ ዮሐንስ 4ኛ መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. በመተማ ከደርቡሽ ጋር ሲዋጉ በጥይት ቈሰሉ፤ ለድል የተቃረበውም ሠራዊት ተበተነ። እኔም ለተማሪዎቼ፣ «አንዲት ጥይት መንግሥት አፈረሰች» እል ነበር። ነገር ግን ጭነቱ ቀድሞ ተከምሯል። በ1876 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር የተደረገው የዓድዋ ውል ንጉሠ ነገሥቱን ከደርቡሽ ጋር አጣላ፤ በ1877 ጣልያን ምጽዋን ያዘ፤ በ1880 ደርቡሽ ጎንደርን አቃጠለ፤ የሸዋውና የጎጃሙ ነገሥታትም ልባቸውን አሽፍተው ነበር።

ይህን የታሪክ ትምህርት ለራሴ ሳላውለው ቀረሁ። በሰሊጥ አጨዳ ወራት አንድ ተማሪ አርፍዶ ቢመጣ፣ በጓደኞቹ ፊት፣ «ለአንተ ከደብተር ይልቅ ማጭድ ይሻልሃል» አልሁት። ደብተሩን ጠረጴዛዬ ላይ አኑሮ ወጣ፤ አልተመለሰም። «በአንዲት ቃል ትምህርት ይተዋል?» ብዬ ተቈጣሁ። ኋላ ሳጠያይቅ ለካ አባቱ በዚያው ክረምት ሞተው፣ እናቱንና ታናናሾቹን በቀን ሥራ የሚያበላ እርሱ ኖሯል። እንግዲህ ቃሌ ገለባ ነበረች፤ ጭነቱን ግን ሳልጠይቅ ጨመርኋት።

ስለዚህ፣ አንባቢዬ ሆይ፣ የተሰበረ ሰው ባየህ ጊዜ ስለ ገለባዪቱ ብቻ አትጠይቅ። ለመናገርም ስትነሣ ቃልህ ቀላል መሆኗን አትመልከት፤ የምትወድቅበት ትከሻ ምን እንደ ተሸከመ አስቀድመህ እወቅ።