ሮምን በፍኖተ ሰላም በኩል

የሮም አስጎብኚ እንግዳውን መጀመሪያ ኮሎሲየም ነው የሚወስደው። እኛ ደግሞ ዛሬ ለአንባቢያችን አስጎብኚ እንሁንና ከባቡር ጣቢያው እንጀምር። ሮምን በካርታ ነው የምናውቃት፤ ግን ለምንፈልገው ነገር ካርታው ይበቃል።

ከተርሚኒ ጣቢያ ፊት ለፊት ያለው ሰፊ አደባባይ «የአምስት መቶዎቹ አደባባይ» ይባላል። የትኞቹ አምስት መቶዎች? በ1879 ዓ.ም. ዶጋሊ ላይ የራስ አሉላ ጦር የደመሰሳቸው ወታደሮች ናቸው። ሻንጣውን እየጎተተ ከሚያልፈው መንገደኛ ስንቱ ይህን ያውቅ ይሆን? ከአደባባዩ ወጣ ብሎ የሟቾቹ ሐውልት አለ። ፋሺስቶች ከአዲስ አበባ ነቅለው የወሰዱትን የይሁዳ አንበሳ ያቆሙት እዚህ ሐውልት ሥር ነበር፤ ዘርዓይ ደረስ በ1930 ዓ.ም. ሰይፉን የመዘዘውም እዚሁ ነው።

አሁን ወደ ደቡብ እንውረድ። ከላተራኖ ባሲሊካ አጠገብ የሚነሳው መንገድ «የአምባ አራዶም ጎዳና» ነው። በ1928 ዓ.ም. የራስ ሙሉጌታ ጦር በቦምብና በመርዝ ጋዝ የተመታበት ተራራ ስም መሆኑ ነው። ይባስ ብሎ ጣሊያኖች ትርምስምሱ የወጣ ነገር ሲያጋጥማቸው «አምባራዳን» ይላሉ፤ ቃሉ የመጣው ከዚያው ተራራ ነው። ተራራው ቃል ሆነ፤ እዚያ ያለቀው ሰው ግን በቃሉ ውስጥ የለም።

ከዚያ አለፍ ስንል በ1930 ዓ.ም. የአክሱም ሐውልት የተተከለበት ቦታ አለ። ሐውልታችን በ1997 ዓ.ም. ተመልሶ በ2000 ዓ.ም. አክሱም ላይ ቆሟል።

ሮም እንዲህ ናት፤ ስሙን ታስቀምጣለች፣ ታሪኩን ትዘነጋለች። ታዲያ ሮምን ማማት ቀላል ነው። እኛስ?

እስቲ ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የሚሄደውን አውቶብስ እንሳፈር። ደብረ ማርቆስንና ደምበጫን አልፈን «ፍኖተ ሰላም ወራጅ!» ሲባል እንሰማለን። «የሰላም መንገድ» ማለት ነው። የከተማዋ የቀድሞ ስም ወጀት ነበር፤ የአገሬው ሰው እንደሚለው አዲሱን ስም ያወጡላት አፄ ኃይለ ሥላሴ ከስደት ሲመለሱ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ኦሜድላ ላይ ሰንደቅ ዓላማ ተክለው በበላያ በኩል ወደ ጎጃም ገቡ። ጣሊያን በቡሬ ምሽግ ነበረው። ኮሎኔል ዊንጌት የሚመራው የጌዴዎን ጦርና አርበኞች በቁጥር እጅግ የሚበልጣቸውን ጠላት አስጨንቀው የካቲት 25 ቀን ምሽጉን አስለቀቁት።

ይህ መንገድ ግን በአንድ ወር የተከፈተ አይደለም። እንደ ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬና ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ ያሉ አርበኞች ለዓመታት ተዋግተውበታል። ከእነሱ ጀርባ ደግሞ ከጎተራው እየዛቀ ስንቅ ያቀበለ፣ ጎጆው በአውሮፕላን የተደበደበበት ገበሬ አለ። ዛሬ ቡሬ ለብዙዎቻችን ወደ ነቀምቴ የሚገነጠለው መንገድ መነሻ ናት። ከአውቶብሱ መስኮት ያንን አገር እያየን ስለ ምሽጉ የጠየቅነው ስንቶቻችን ነን? የተርሚኒውን መንገደኛ ለመውቀስ ድፍረቱ አለን?

ነገሩ ያለፈ ታሪክ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባላነሳነው። ነሐሴ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ፍኖተ ሰላም ዳግም ከአየር ተመታች፤ ከ20 በላይ ሰዎች ሞቱ። የሰላም መንገድ በተባለች ከተማ! ስሟ የጦርነት ማብቂያ ምልክት ነበር፤ አሁን ሌላ ሐዘን ተጨመረበት።

የአስጎብኚ ሥራ ድንጋይ ማሳየት ብቻ አይደለም፤ በስሙ ውስጥ ያለውን ሰው መጥራትም ነው። ይህን ካላደረግን የልጅ ልጆቻችን ፍኖተ ሰላምን የሚጠሯት ሮማውያን አምባ አራዶምን በሚጠሩበት መንገድ ይሆናል። ቃሉ ይኖራል፤ ሰዎቹ ግን ይጠፋሉ።