ቆሼ የገባው ልጣጭ

ቆሼን አብዛኞቻችን የምናውቀው በጠረኑ ነው። የታክሲ መስኮት የምንዘጋበት ሰፈር። እዚያ የተከመረው ግን የኛው ነው፤ ጁስ ቤት ቁጭ ብለን ስፕሪስ ስናዝ የተላጠው ማንጎና ፓፓያ ሳይቀር።

ረጲ ላይ ቆሻሻ መድፋት የተጀመረው በ1950ዎቹ ነው። ያኔ ቦታው ከከተማ ውጪ ነበር፤ ከተማዋ ናት መጥታ የከበበችው። በ2008 ዓ.ም. ሰንዳፋ ላይ አዲስ ማስወገጃ ተከፈተ። ገበሬዎቹ ተቃወሙ፣ ዓመት ሳይሞላው ተዘጋ፣ መኪኖቹም ወደ ቆሼ ተመለሱ። ቅዳሜ መጋቢት 2 ቀን 2009 ማታ ክምሩ ተደረመሰ። ከ110 በላይ ሰው ሞተ። የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ።

ነሐሴ 13 ቀን 2010 ከቆሻሻ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው የረጲ ጣቢያ ተመረቀ። በቀን 1,400 ቶን እንዲያቃጥል ነበር የታሰበው። ጎበዝ፣ የአዲስ አበባ ቆሻሻ እኮ ከግማሽ በላዩ የሚበሰብስ ነው! ውሃ የቋጠረ ልጣጭ ደግሞ ለእሳት አይመችም።

ታዲያ ለምን ይመቻል? በ2010 እ.ኤ.አ. የህንድ ተመራማሪዎች ከሙዝ ልጣጭ የብር ናኖ ቅንጣት መሥራታቸውን አሳተሙ። (ብር ስንል ማዕድኑን ነው፣ ኪሳችን የሌለውን አይደለም።) ነገሩ ወጥ ቤት ይመስላል። ልጣጩ ይፈላል፣ ይጣራል፣ ከብር ናይትሬት ውሁድ ጋር ይቀላቀላል። ልጣጩ ውስጥ ያሉት ፖሊፌኖሎች ለብሩ ኤሌክትሮን ይሰጡታል፤ ብሩ ከውሃው ተለይቶ በዓይን የማይታይ ቅንጣት ይሆናል፣ ፈሳሹም ወደ ቡኒ ይለወጣል። በተለመደው መንገድ ይህን ሥራ የሚሠሩት ሶዲየም ቦሮሃይድራይድን የመሳሰሉ አደገኛ ኬሚካሎች ናቸው። ቅንጣቱ የሚፈለገው በተለይ ባክቴሪያ ስለሚገድል ነው።

አገራችንም ከዚህ ሩቅ አይደለችም። የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2020 እ.ኤ.አ. ከኮሶ ቅጠል የመዳብ ናኖ ቅንጣት ሠርተው ባክቴሪያ ላይ ሞክረዋል። አዎ፣ አያቶቻችን አበባውን ለትል የሚጠጡት ኮሶ።

ይህ ግን የቆሼን ተራራ አይንደውም፤ ላቦራቶሪ የሚፈልገው ልጣጭ ጥቂት ነው። ተራራውን የሚቀንሰው ኮምፖስት ነው። ለሁለቱም የሚሆነው ደግሞ ከባትሪና ከፌስታል ጋር ያልተለወሰ ልጣጭ ስለሆነ፣ መለየት ያለበት ጁስ ቤቱ በር ላይ ነው፤ ቆሼ ከደረሰ በኋላ አይሆንም። ለጊዜው ሁሉም ተደባልቆ በማዳበሪያ ይጫናል። ጆንያውን ማለታችን ነው።