ከሹዐይባ እስከ ጅዳ በለድ፦ በቀይ ባሕር ዳር የሐበሻ ሴቶች ታሪክ

እህቶቼ፣ ጉበይራና መንፉሐ የምንኖር ሐበሾች ጅዳን የምናውቃት በአየር ማረፊያዋና በቆንስላው ነው። ሰው ሲመጣና ሲመለስ ስሟ ይነሳል እንጂ «እስቲ ሄጄ ልያት» የሚል ብዙ አልሰማሁም። እኔና ባለቤቴ ባለፈው ዒድ ሁለታችንም አንድ ላይ ኢጃዛ ስላገኘን ሁለት ቀን ሄደን አየናት። እሱ ሾፌር ነው፣ እኔ የቤት ሠራተኛ ነኝ። ሁለት ቀን አብሮ መዋል ለእንደኛ ዓይነቱ ባልና ሚስት ምን ማለት እንደሆነ ታውቁታላችሁ። የምጽፍላችሁ ግን ስለ ሽርሽራችን ብቻ አይደለም፤ ከተማዋ ውስጥ የእኛ የሴቶቹ ታሪክ ስላለ ነው።

ከሪያድ ጅዳ በመኪና ወደ 950 ኪሎ ሜትር ነው። የድሮው ከተማ አል-በለድ ይባላል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2014 የዓለም ቅርስ ብሎ መዝግቦታል። ቤቶቹ ከቀይ ባሕር ተቆርጦ በወጣ የኮራል ድንጋይ የተሠሩ ናቸው፤ በየመሐሉ እንጨት ገብቶበታል። መስኮቶቹ ወደ ውጭ ወጣ ያሉ፣ በተፈለፈለ እንጨት የተሸፈኑ ናቸው፤ ሮሻን ይሏቸዋል። ነፋስ ያስገባሉ፣ ውስጥ ያለችው ሴትም ሳትታይ መንገዱን ታያለች። የእኛዎቹን ባሕር ዳርቻዎች በፎቶ ያየ ሰው ግር ይለዋል። ምጽዋም፣ የሱዳኗ ሰዋኪንም እንደዚሁ በኮራል ድንጋይ የተሠሩ ከተሞች ናቸው። ነጋዴውም ሐጃጁም ግንበኛውም በሁለቱ ዳርቻ ሲመላለስ ነው የኖረው። ከተማዋ ድሮ በግንብ የታጠረች ነበረች፤ አጥሩ በ1947 ፈርሶ ዛሬ በሮቹ ብቻ ቀርተዋል። ወደ መካ የሚያስወጣው ባብ መካ ይባላል።

ከቤቶቹ ሁሉ ታዋቂው በይት ነሲፍ ነው። ዑመር ነሲፍ የሚባሉ ትልቅ ሰው ከ1872 እስከ 1881 ያሠሩት ነው። ንጉሥ ዐብዱልዐዚዝ በ1925 ጅዳን ሲይዙ ያረፉት እዚህ ነበር። ክፍሎቹ ከመቶ በላይ ናቸው። ደረጃው ሰፊና ዝቅ ዝቅ ያለ ስለሆነ ግመል ጭነቱን ይዞ ወደ ላይ ይወጣበት ነበር ይባላል። ሰው ሁሉ ፎቶ ሲያነሳ እኔ ያሰብኩት ይሄን ሁሉ ክፍል ማን ይጠርገው እንደነበር ነው። ለባለቤቴ ስነግረው ሳቀና «እዚህም መጥተሽ ስለ ሹግል ነው የምታስቢው?» አለኝ።

ግን ጥያቄው የሚያስቅ አይደለም። በዚያ ዘመን በምጽዋ፣ በታጁራና በዘይላ በኩል ብዙ ሰው ከአገራችን እየተነዳ ወጥቶ ባሕር ተሻግሮ ተሽጧል። ከሚራገፉባቸው ወደቦች አንዷ ጅዳ ነበረች። ከተሸጡት ብዙዎቹ ልጆችና ሴቶች፣ ከደቡብና ከምዕራብ የተያዙ የኦሮሞ፣ የሲዳማና የሌላም ሕዝብ ልጆች ነበሩ። የያዛቸውና እስከ ባሕሩ የነዳቸውም የገዛ አገራቸው ሰው ነው፤ ይሄን መደበቅ የለብንም። በአገራችን ባርነት በአዋጅ የተሻረው በ1942 ነው። በሳዑዲ ደግሞ በ1962። አያቶቻችን በሕይወት እያሉ ማለት ነው። በትልልቆቹ ቤቶች ሲጠርጉ፣ ሲያበስሉ፣ ልጅ ሲያሳድጉ ከኖሩት ውስጥ እነዚህ ሴቶች አሉበት። ባየኋቸው ክፍሎች ግን የባለቤቶቹን እንጂ የአንዷንም ስም አላነበብኩም።

እኛ እንደነሱ አይደለንም። ውል አለን፣ ደሞዝ አለን፣ ፓስፖርታችንን አሠሪ መያዝ እንደሌለበት ሕጉ ይላል። ይሄ ልዩነት ትልቅ ነው። ስለዚህ ደሞዟ ሲቀርባት ወይም ፓስፖርቷ ሲወሰድባት «ድሮም የቤት ሥራ እንዲህ ነው» ብላ የምትቀመጥ እህት ካለች፣ ድሮ የነበረው ምን እንደሆነ ትወቅና የራሷን መብት ትጠይቅ።

ከዚህ የሚቀድም ሌላ ታሪክም አለ፤ እሱ ደግሞ በተቃራኒው አቅጣጫ ነው። ከጅዳ ወደ ደቡብ ሹዐይባ የሚባል የቆየ ወደብ ነበር። በ615 ገደማ መካ ላይ ስቃይ የበዛባቸው የመጀመሪያዎቹ ሙስሊሞች ከዚያ በጀልባ ተሳፍረው ወደ ሐበሻ ተሰደዱ። መጀመሪያ ከሄዱት ውስጥ አራት ሴቶች ነበሩ። አንዷ የረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ልጅ ሩቅያ ስትሆን፣ ከባሏ ከዑስማን ጋር ነው የሄደችው። የኛ ንጉሥ ነጃሺ ክርስቲያን ነበር፤ ተቀብሎ አስጠለላቸው፣ አሳልፎም አልሰጣቸውም። ክርስቲያን እህቶቼም በዚህ ታሪክ ድርሻ አላችሁ። ዓመታት አልፈው ያ ስደተኛ ዑስማን ኸሊፋ ሆነ፤ በ647 የመካን ወደብ ከሹዐይባ ወደ ጅዳ ያዛወረው እሱ ነው። ጅዳን የሐጅ በር ያደረጋት ሰው በአንድ ወቅት በእኛ አገር ጥገኛ ነበር።

ከነሱ በኋላ ከተሰደዱት ውስጥ አስማ ቢንት ዑመይስ አለች። እሷም ከባሏ ከጃዕፈር ጋር ሐበሻ ሄዳ ልጆች ወልዳ፣ ብዙ ዓመት ኖራ በ628 ወደ መዲና ተመለሰች። አንድ ቀን ዑመር ሲያያት ያቺ ሐበሻዋ፣ ያቺ ባሕር የተሻገረችው እሷ መሆኗን ጠየቀና፣ በስደት እኛ ቀድመናችኋል አላት። አስማ ተቆጣች። እናንተ ከረሱል ጎን ሆናችሁ የተራበው ሲበላ፣ እኛ በሩቅ አገር በፍርሃት ነበርን ብላ መለሰችለት፤ ሄዳም ለረሱል ነገረች። እሳቸውም ለእነዑመር አንድ ስደት፣ ለእናንተ ለመርከቡ ሰዎች ሁለት ስደት አላችሁ ብለው ፈረዱላት። አስማ ዐረብ ናት፤ ግን አገራችን ስለኖረች ሐበሻ ተባለች። እኛን ማዳሞቻችን «ያ ሐበሺያ» ብለው ሲጠሩን ስንቶቻችን ነን ቅር የሚለን? ስሙ ከሷ ዘመን ጀምሮ እዚህ አገር የታወቀ ነው።

ሌላዋ ኡሙ አይመን ናት፤ ስሟ በረካ። እሷ የሐበሻ ልጅ ናት፣ የቤት አገልጋይም ነበረች። ረሱል በስድስት ዓመታቸው እናታቸው አሚና መንገድ ላይ ሲሞቱባቸው ልጁን ይዛ መካ ያደረሰችው በረካ ነች። ካደጉ በኋላ ነጻ አወጧት፤ ከእናቴ በኋላ እናቴ ናት ይሏትም ነበር። የሰው ልጅ የምናሳድግ ብዙዎች ነን። የበረካን ስም ቢያንስ እኛ ማወቅ አለብን።

አሁን ወደ ምግቡ። ማታ በለድ ውስጥ ሰያዲያ በላን፤ ሽንኩርቱ እስኪጠቁር ተቁላልቶ በሱ መረቅ የበሰለ ሩዝ ከዓሣ ጋር ነው። ጠዋት ፉል በታሚስ ዳቦ፣ ከሰዓት ሙጠበቅ። ሰሊቅ የሚሉት በወተት የበሰለ ሩዝ አለ፤ ለኔ ጨው አነሰው፣ ባለቤቴ ግን ሳህኑን ጠረገው። ከሁሉ ያስደነቀኝ ሶብያ ነው። ከገብስ ወይም ከደረቅ ዳቦ፣ በስኳር፣ በሄልና በቀረፋ የሚጠመቅ የማያሰክር መጠጥ ነው። የወሎ ልጅ ከሆንሽ አንድ ጊዜ ቀምሰሽ «ቀሪቦ!» ትያለሽ።

በየመንገዱ ዳር ፍሬ ዘርግተው የሚሸጡ ጥቁር እናቶችም አሉ። ከምዕራብ አፍሪካ የመጡትን ተክሩኒ ይሏቸዋል። የማሊው ንጉሥ ማንሳ ሙሳ በ1324 ሐጅ ካደረገ ወዲህም በፊትም፣ ከዚያ አካባቢ በእግር ዓመታት ተጉዘው የሚመጡ፣ ስንቅ አልቆባቸው እየሠሩ እዚሁ የቀሩ ብዙ ናቸው። ከአንዷ የሐብሐብ ፍሬ ገዛን። «ሐበሻ?» አለችኝ። አዎ ስላት አንድ እፍኝ ጨመረችልኝ።

መሄድ የምትችሉ ሂዱ። መንገዱን መዞር ገንዘብ አይጠይቅም። ቀን ሙቀቱ ከባድ ስለሆነ ከዐስር ሶላት በኋላ ይሻላል። ኢቃማችሁን ያዙ፣ ውኃ ያዙ፣ ጫማችሁ ምቹ ይሁን። ሴት አያታችሁ ስለ ባሕር ማዶ የነገረቻችሁ ነገር ካለ ደግሞ ጻፉና ለመጽሔታችን ላኩ፤ በዚያ ትልቅ ቤት ውስጥ ስማቸውን ያጣሁት ሴቶች የአንዳችን ዘመዶች ሊሆኑ ይችላሉ።