አከራይ ሆንኩ እኮ!

ወዳጆቼ፣ የድሮ ተማሪዎቼ፣ ስንት ዓመት ተከራይቼ ኖሬ ዘንድሮ ኮንዶሚኒየሜን ላከራይ ነው። ውል ልጽፍ ስቀመጥ ግን የታሪክ መምህርነቴ መጣብኝ።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ በአዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤቶችን ወረሰ፤ የብዙ ተከራይ ኪራይም ቀነሰ። "አከራይ" መባል ራሱ የሚያስፈራ ሆነ። የግል ኪራይ ሲመለስ ደግሞ ብዙው ስምምነት በቃል ነበር። እኔም "በወር ውስጥ ልቀቅ" ተብዬ ልጅ ይዤ የተንከራተትኩትን አልረሳም።

አሁን አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ በጽሑፍ፣ ቢያንስ ለሁለት ዓመት ይሁን፣ ቅድመ ክፍያውም ከሁለት ወር አይብለጥ ይላል። በ30 ቀን ውስጥም ይመዘገባል።

እውነቱን ልናገር፣ ሁለት ዓመት ሲባል ደነገጥኩ። ተከራዬ ግን "ልጄ ትምህርት ቤት አይቀይርም ማለት ነው?" አለኝ።

ፈረምኩ።