የዴዴሳ ገንዲና የጥቃቅን ሕዋስ ሞተር



ከነቀምቴ ተነሥቶ ወደ በደሌ የሚጓዝ መንገደኛ የዴዴሳን ሸለቆ ሲያይ መደነቁ አይቀርም። መሬቱ ለም፥ ሣሩ ረጅም፥ ውኃው ብዙ ሲሆን የቀድሞ ሰዎች አብዛኛውን መኖሪያቸውን በደጋውና በወይና ደጋው አድርገው ቆላውን ይሸሹት ነበር። ለዚህ አንዱ ምክንያት ወባ ነው። ሁለተኛው ግን የከብት በሽታ የሆነው ገንዲ ነው። ገንዲ የያዘው በሬ ደሙ እያነሰ፥ ሥጋው እየከሳ ይሄድና በመጨረሻ ከቀንበር ሥር ይወድቃል። ጥማዱ የፈረሰበት ገበሬም መሬት እያለው አራሽ አይሆንም። በኋላ ዘመን በዴዴሳና በአንገር ሸለቆዎች የሰፈሩ ሰዎች ይህን በገዛ በረታቸው አይተውታል።

የበሽታው መንሥኤ ምን እንደ ሆነ የታወቀው በሩቅ አገር ነው። በ1895 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ዴቪድ ብሩስ የተባለው የእንግሊዝ ጦር ሐኪም በዙሉ ምድር የታመሙ ከብቶችን ደም በአጉሊ መነጽር ሲመረምር፥ እንደ እባብ የሚጥመለመል ጥቃቅን ፍጥረት አገኘ። ይህም ትሪፓኖሶም ነው፤ ከከብት ወደ ከብት የሚያደርሰውም የቆላ ዝንብ መሆኑን አስረዳ። በዴዴሳ ከብት የሚጎዱት የዚሁ ወገን ዘመዶች ናቸው።

ነገር ግን እጅና እግር የሌለው፥ ርዝመቱም የሚሊሜትር 50ኛ እጅ ያህል የሆነ ፍጥረት በደም ጎርፍ ውስጥ በምን ኃይል ይዋኛል? ይህ ጥያቄ ለ60 ዓመት ያህል መልስ ሳያገኝ ቆየ። የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲመጣ በ1950ዎቹ እንዲህ ያለው ጭራ ውስጡ ታየ፤ በዙሪያው 9 ጥንድ ቱቦዎች፥ በመካከሉም 2 ቱቦዎች ቆመውበታል። ከጥንዶቹም ወደ ጎረቤታቸው የተዘረጉ አጫጭር ክንዶች ታዩ። ኢያን ጊበንስ የተባለው ሊቅ በ1963 እነዚህን ክንዶች ከአንድ የውኃ ነፍሳት ለይቶ አወጣ፤ በ1965ም ከግሪክ ቋንቋ ኃይል የሚለውን ቃል ወስዶ ዳይኒን አላቸው።

የዳይኒን ሥራ ከቅርጹ የሚመነጭ ነው። ከ2011 ጀምሮ ሊቃውንት በዝርዝር እንዳሳዩት መካከሉ 6 ክፍሎች ያሉት ቀለበት ነው። ከቀለበቱ አንድ ቀጭን ዘንግ ወጥቶ በጫፉ ጎረቤቱን ቱቦ ይጨብጣል፤ ሌላው ጅራቱ ከራሱ ቱቦ ጋር የተሰፋ ነው። ኤቲፒ የሚባለው የሕዋስ ስንቅ ሲደርሰው ቀለበቱ ቅርጹን ይለውጣል፤ ዘንጉ ይለቃል፥ ወደ ፊት ይዘረጋል፥ እንደ ገና ጨብጦ ይስባል። ቱቦዎቹ እርስ በርሳቸው የታሠሩ ስለ ሆኑ ተንሸራትተው ማምለጥ አይችሉም፤ ስለዚህ ይጎብጣሉ። አንዴ በአንዱ ወገን፥ አንዴ በሌላው ሲጎብጡ ጭራው ይገረፋል።

ይህ መዋኘት ለተራ ጉዞ ብቻ የሚመስለው ቢኖር ተሳስቷል። በ2006 የእንግሊዝ ተመራማሪዎች የጭራውን እንቅስቃሴ ባበላሹት ጊዜ በደም የሚኖረው ትሪፓኖሶም መከፈል ተስኖት ሞተ። በ2007 ደግሞ በጀርመን የተደረገ ምርመራ አንድ የሚያስገርም ብልኀት ገለጠ፤ የከብቱ ደም የላከው ፀረ አካል በትሪፓኖሶሙ ቆዳ ላይ ሲጣበቅ፥ ፍጥረቱ ወደ ፊት ሲዋኝ የሚፈጠረው ግፊት ፀረ አካሉን ጠርጎ ወደ ኋላ ያደርሰዋል፤ በዚያም ይዋጠዋል። ሸሚዙን ቶሎ ቶሎ ከመለዋወጡ ጋር ተዳምሮ ክትባት እንዳይገኝለት ያደረገው ይኸው ነው።

እንግዲያስ ዳይኒንን የሚያቆም መድኃኒት ለምን አይሠራም ይባል ይሆናል። ችግሩ በሬውም እረኛውም ይህንኑ ሞተር የሚጠቀሙ መሆናቸው ነው። በሳንባ ቧንቧ አቧራን የሚጠርጉት ፀጉሮችና የወንድ ዘር የሚንቀሳቀሱት በዳይኒን ነው። በ1955 ለገበያ የወጣው ቤሪኒል የሚሠራው በሌላ መንገድ ነው፤ ለእርሱም የማይበገር ገንዲ በጊቤ ሸለቆ ተገኝቷል። ስለዚህ በቆላው የሚደረገው ትግል ዝንቡ ራሱ ላይ ነው፤ ዝንቡ ሰማያዊና ጥቁር ቀለም ስለሚስበው መርዝ የተነከረ ጨርቅ በየወንዙ ዳር ይተከላል።