«ሪስታርት» የተባለው ቃል ታሪክና የአማርኛ ፍቺው

የኮምፒዩተር ሥርዓተ ክወና በዲስክ ላይ ሲጫን ሥራው ከመካከል የተቋረጠ እንደ ሆነ፣ ዊንዶውስ ከቪስታ ወዲህ በወጡት እትሞቹ አንድ የታወቀ ማስታወቂያ ያሳያል። በዚህ አጭር ማስታወቂያ ውስጥ «ሪስታርት» የተባለው የእንግሊዝኛ ግሥ ሦስት ጊዜ ይገኛል። መጀመሪያ ኮምፒዩተሩ ሳይታሰብ «ሪስታርት» ማድረጉን ይገልጻል፤ ቀጥሎ ኮምፒዩተሩን «ሪስታርት» እንድናደርግ ይነግረናል፤ በመጨረሻም ጭነቱን «ሪስታርት» እንድናደርግ ያዘናል። የፊተኞቹ ሁለቱ የማሽኑን ጠፍቶ መነሣት ሲያመለክቱ፣ ሦስተኛው ግን ሥራው ሁሉ ከሥር እንዲጀመር የሚያዝ ነው። ተርጓሚው ለሦስቱም «ዳግም ማስጀመር» የሚል አንድ ሐረግ ቢሰጥ፣ አንባቢው ጭነቱ ካቆመበት የሚቀጥል ሊመስለው ይችላል። ይህ ግምት በዲስኩ ላይ የቀረውን ሰነድ ሁሉ ሊያስጠፋው ስለሚችል፣ ጉዳዩ የቃላት ውበት ጉዳይ ብቻ አይደለም።

የቃሉን ጠባይ ለመረዳት ታሪኩን መመልከት ያስፈልጋል (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ1952 ይፋ በሆነው አይቢኤም 701 ላይ ሠራተኛው የመጫኛውን ቁልፍ ሲጫን ማሽኑ ጥቂት ትእዛዞችን ያነባል፤ እነዚህም የሚከተሏቸውን ትእዛዞች ያስገባሉ። ይህ ዘዴ «ቡትስትራፕ» ተባለ። ቃሉ በቡት ጫማ ላይ የሚሰፋውን መጎተቻ የሚያመለክት ሲሆን፣ በእንግሊዝኛው አነጋገር የገዛ ጫማውን መጎተቻ ስቦ ራሱን ከመሬት የሚያነሣ ሰው የማይቻለውን የሚሞክር ሰው ምሳሌ ነበር። ስያሜው ኋላ አጥሮ «ቡት» ሆነ። አማርኛችን ይህን የጫማ ምሳሌ መዋስ አያስፈልገውም፤ ሞተር «ተነሣ»፣ መኪና «አስነሣ» ማለትን የለመደ ተናጋሪ «ኮምፒዩተሩን ማስነሣት» ሲባል ያለ ችግር ይረዳዋል።

«ሪስታርት» ግን ሌላ መንገድ ተጉዟል። በ1964 ይፋ ለሆነው የአይቢኤም ሲስተም 360 በተዘጋጀው ሥርዓተ ክወና ውስጥ፣ ቃሉ የተቋረጠ ሥራን መልሶ ማስኬድን ያመለክት ነበር፤ ይኸውም ወይ ከተቋረጠው የሥራ ደረጃ መጀመሪያ፣ ወይም የሥራው ሁኔታ ከተመዘገበበት ነጥብ ነው። ስለዚህ በዚያ ዘመን ቃሉ የተደከመበትን ማዳንንም ይጨምር ነበር። የግል ኮምፒዩተር ሲስፋፋ ግን ማሽኑን አጥፍቶ ማስነሣት የቃሉ ዋና ትርጉም ሆነ። ሁለቱ ትርጉሞች ዛሬም ጎን ለጎን ይኖራሉ።

ልዩነቱ ይበልጥ የሚያሳስበው ጭነቱ ያለ ሰው ርዳታ በሚካሄድበት ጊዜ ነው። በ1990ዎቹ የሰን ኩባንያ «ጃምፕስታርት»፣ የሬድ ሃት ደግሞ «ኪክስታርት» የተባሉ ዘዴዎችን አቀረቡ፤ የጥያቄዎቹ መልሶች አስቀድመው በፋይል ይጻፉና ማሽኑ እያነበበ ይጫናል። ዴቢያንም በ2005 ባወጣው 3.1 እትም አዲስ መጫኛ አቀረበ። በዴቢያን መጫኛ አንድ ደረጃ ሲከሽፍ ዋናው ዝርዝር ይመጣና ያንኑ ደረጃ ብቻ መሞከር ይቻላል። በኪክስታርት ግን ከባድ ስሕተት ሲደርስ ጭነቱ ይቆማል፤ ማሽኑ እንደገና ከኔትዎርክ የተነሣ እንደ ሆነ ፋይሉን ከመጀመሪያው መስመር ያነብባል። በፋይሉ ውስጥ የዲስኩን ክፍልፍሎች የሚያጠፋ ትእዛዝ ካለ እርሱም እንደገና ይፈጸማል። ያልታረመ ፋይል ደግሞ በዚያው ቦታ መልሶ ይወድቃል።

እንግዲህ ሦስት ተግባሮችን በሦስት አባባል መለየት ይገባል እንላለን። ማሽኑን ለሚመለከተው «ዳግም ማስነሣት»፣ ሥራው ከሥር ሲጀመር «እንደ አዲስ መጀመር»፣ የተመዘገበው ነጥብ ሲጠበቅ «ካቆመበት መቀጠል»። «መድገም» ብቻውን እንዲቆም አንመክርም። «ዳዊት ደገመ» ስንል አነበበ፣ ጸለየ ማለታችን እንጂ ሁለት ጊዜ ሠራ ማለታችን አይደለምና፣ ግሡ ተሳቢውን ይሻል፤ «ያልተሳካውን ደረጃ መድገም» ቢባል ግን የተሟላ ነው።

በኮምፒዩተር ጥገና ቤቶቻችን ባለሙያው ማሽኑን አጥፍቶ ሲያስነሣ «ሪስታርት አደረግሁት» ይላል፤ ዲስኩን አጥፍቶ እንደ አዲስ ሲጭን ግን «ፎርማት አደረግሁት» ይላል። ሁለቱም ቃላት ባዕድ ቢሆኑም የሚጠፋውንና የሚቀረውን ለይተው ያሳውቃሉ። የአማርኛ አቻ የሚሰጥ ተርጓሚም አስቀድሞ ይህንኑ ይጠይቅ፦ ትእዛዙ ከተፈጸመ በኋላ በዲስኩ ላይ የሚቀረው ምንድን ነው? መልሱን ሳያገኝ የጻፈው ቃል የቱንም ያህል የጠራ አማርኛ ቢሆን ያልተተረጐመ ሆኖ ይቀራል።